ስምንት ጥማድ ሣር፤ ተጎታች ማጨጃ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ባለ ስምንት ጥማድ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት ውስጥ ከኖርን በኋላ ባለፈው ዓመት እኔና ባለቤቴ ኩልፔፐር፣ ቨርጂኒያ 5 ኤከር ያለው ቤት ገዛን። ወደ 2 ሄክታር ነው፤ በእኛ አገር ልክ ስምንት ጥማድ ግድም። አባቴ ቆሞ ቢያየው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ “ምን ዘራህበት?” ብሎ ነበር። ሣር ልለው ነው እንግዲህ! ከብት የማይበላው፣ አጭጄ እዚያው የምበትነው ሣር።

ከቤቱ ጋር ባለ 42 ኢንች ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ ቀርቶልናል። ቤቱን የከበበው 2 ኤከር በእሱ ይታጨዳል፤ ቅዳሜዬን ይበላል እንጂ ክፉ አይደለም። መከራዬ ከጓሮ እስከ ወንዙ የሚወርደው 3 ኤከር ነው። ሣሩ ወገቤ ድረስ ደርሷል። እሾህ ገብቶበታል፣ የእኛን ጥድ የሚመስል ችግኝም በየቦታው በቅሎበታል፤ አንዳንዱ ግንዱ የአውራ ጣቴን ያህላል። ባለፈው ትንሿን ማሽን ይዤ ገባሁና ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ቺንጋዋ ተቃጥሎ ሸተተ።

ልጄ የተወው ባለ 500 ሲሲ ባለአራት ጎማ ሞተር አለኝ። ከኋላው የሚጎተት፣ የራሱ ሞተር ያለው ማጨጃ እንዳለ ሰማሁ። አንዱ ዓይነት ለሜዳ ሣር፣ ሌላው ለጫካ ነው ይላሉ። የቱን ልያዝ? ሞተሬስ ይጎትተዋል? ቁልቁለቱ ደግሞ ያሳስበኛል። አዲሱ ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ ተሳስቼ መግዛት አልፈልግም፤ ባለቤቴም ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

ካንዴላ፦

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ሜሪላንድ ውስጥ የትንንሽ ሞተር ጥገና እሠራለሁ፤ እንዲህ ያለው ማሽን በየጸደዩ እጄ ይገባል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስፋቱ ብቻ አይደለም። ለሜዳ የተሠራው ብዙ ጊዜ 60 ኢንች ይሆናል፣ ከሥሩ ሦስት ቢላ አለው፣ ዝቅ አድርጎ እንደ ምንጣፍ ይቆርጣል። ወገብ የደረሰ ሣር ውስጥ ከገባ ግን ይታነቃል። የጫካው ጠበብ ይላል፣ 44 ኢንች የተለመደ ነው፤ ብረቱ ወፍራም ነው፣ ቢላውም ከባድ። ቆርጦ ሳይሆን ቀጥቅጦ ያልፋል ማለት ይሻላል። የአውራ ጣት ጥድ ለእሱ ምንም አይደለም። ያጨደው ግን አያምርም፣ ጭድ የተበተነበት አውድማ ይመስላል። እርስዎ ለታችኛው መሬት የጫካውን ይያዙ፣ የቤቱን ዙሪያ ለትንሿ ይተዉላት። “አንዱ ማሽን ሁለቱንም ይሠራል” የሚልዎትን ሻጭ አይስሙ።

ሰዓቱን እናስላ። 44 ኢንች ስፋት፣ በሰዓት 3 ማይል ፍጥነት፤ በወረቀት ላይ በሰዓት 1.3 ኤከር ይመጣል። መደራረብና መዞር ሲቀነስ አንድ ኤከር ይበሉት። 3 ኤከር የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያጭዱ ይበቃዎታል።

500 ሲሲ ይጎትታል። ቢላውን የሚያዞረው የማጨጃው የራሱ ሞተር ስለሆነ የእርስዎ ሥራ መሳብ ብቻ ነው። ግን በዝቅተኛው ማርሽ ይሂዱ፤ በከፍተኛው ቀስ እያሉ ከጎተቱ የባለአራት ጎማው የውስጥ ቺንጋ ይግላል። ቁልቁለቱን በተመለከተ ልብ ይበሉ፦ ማጨጃው ሁለት መቶ ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ የራሱ ፍሬን የለውም። ሲወርዱ ከኋላ ይገፋዎታል። ሣሩ ጤዛ ከያዘ አይውረዱ። መመሪያው ላይ የተጻፈውን የመጎተት ልክም አስቀድመው ይዩ።

አሮጌ ከሆነ የሚገዙት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ካንዴላው ተነቅሎ እያለ ቢላውን በእጅዎ ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁት። ከተንቀጠቀጠ ኩሽኔቱ አልቋል። ሥሩን አጎንብሰው ይዩ፣ ብረቱ ተበይዶ ከሆነ ለምን እንደተበየደ ይጠይቁ። ካርቡራተሩም እንዲሁ፤ እዚህ አገር ቤንዚኑ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፣ ክረምቱን ሙሉ ታንከር ውስጥ ከተኛ ሙጫ ይሆናል። እኔ ጋ ከሚመጣው ማሽን እኩሌታው በሽታው ይኸው ነው።

አዲሱ ገበሬ፦

ፍየል ይግዙ ጋሼ። ቤንዚን አይጠጣም፣ ለፋሲካም ይደርሳል።

ባለ ስምንት ጥማድ፦

ፍየሉን ለባለቤቴ ነግሬያት “አጥሩን ማን ያጥራል?” አለችኝ።

የፎኪየሯ፦

እኔ ጎረቤትዎ ካውንቲ ነኝ። አራት ዓመት የጫካውን ጎትቻለሁ። ካንዴላ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ያልነገረዎትን እኔ ልጨምር።

አንደኛ፣ ወደ ኋላ መሄድ እርሱት። መጎተቻው አጭር ስለሆነ መሪውን ትንሽ ሲያዞሩ ማጨጃው ተጣጥፎ ጎማዎ ላይ ይወጣል። በሬ ወደ ኋላ አያርስም፤ እንደዚያ አስበው መሬቱን ያቅዱ። መውጫ የሌለው ጥግ ካለ በእግርዎ፣ በእጅ ማሽን ይጨርሱት።

ሁለተኛ፣ መጎተቻው ወደ ጎን የሚወጣ ይሁን። ማጨጃው ልክ ከኋላዎ የሚሄድ ከሆነ ጎማዎ ሣሩን ያስተኛዋል፣ ቢላውም የተኛውን ያልፈዋል። ወደ ቀኝ ከወጣ የመጀመሪያውን ዙር አጥሩን በቀኝ ይዘው ይዙሩ፤ ከዚያ አቅጣጫ ቀይረው ያልታጨደውን ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ያድርጉት። ጎማዎ በታጨደው ላይ ይሄዳል።

ሦስተኛው የገዛ ኃጢአቴ ነው። የመጀመሪያው ዓመት መሬቱን ሳልመላለስበት ገባሁ። ድሮ እዚያ የከብት አጥር ነበረ አሉ፣ እሾሃማው ሽቦ ሣር ውስጥ ተኝቷል። ቢላው ሽቦውን ያዘና ዘንጉ ላይ ጠመጠመው። አንድ ጊዜ ጮኸና ቆመ። ሆዴ ላይ ተኝቼ፣ ፒንሳ ይዤ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ጉትት ቁርጥ፣ ጉትት ቁርጥ። ሽቦው የዘይት መከላከያውን ጎማ ስለበጣው ጋራዥ ገባ። አሁን ከማጨዴ በፊት በእርምጃ እሄዳለሁ፣ ሽቦ፣ ድንጋይ፣ ጉቶ ያለበት ላይ ብርቱካናማ ባንዲራ እተክላለሁ። ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ ደግሞ የአጋዘን ግልገል ሣር ውስጥ ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ማሽን ሲመጣ አይሮጥም። እኔ ያንን ጊዜ ዘልዬ ጁላይ ላይ ነው የማጭደው። በኦገስት ደግሞ መሬት ውስጥ የሚኖረውን ቢጫ ተርብ ይፍሩ።

ባለ ስምንት ጥማድ፦

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሻለሁ፣ ለመወቃቀስ ሳይሆን ለምስጋና።

ባለ 44 ኢንች የጫካ ማጨጃ አሮጌ ገዛሁ፣ 1,150 ዶላር። ሄጄ ካንዴላውን ነቅዬ ቢላውን ሳነቃንቅ ሻጩ አየኝና “መካኒክ ነህ?” አለኝ። አይደለሁም፣ መካኒክ አለኝ አልኩት። ኩሽኔቱ ጠንካራ ነበር፣ ካርቡራተሩ ግን ካንዴላ እንዳለው ሙጫ ሆኖ አገኘነውና ዋጋውን አስወረድኩበት።

መሬቱን በእርምጃ ስንዞር ሽቦ አላገኘንም፣ የአንድ አሮጌ ማረሻ ብረት ግን አገኘን፣ ግማሹ አፈር ውስጥ። ባለቤቴ በረንዳ ላይ አስቀመጠችው። ቁልቁለቱን ከወንዙ ወደ ላይ እየጎተትኩ አጨድኩ፣ ስወርድ ቢላውን አጥፍቼ ነበር። ጊዜ ይፈጃል፤ ሦስት ሰዓት ያላችሁኝ አምስት ሆነ። ከጥዶቹም አንዱን ሳልነካ ተውኩት፣ ለጥላ።

ካንዴላ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ሞተሩ ሲግል ይጠፋና ሩብ ሰዓት ሲያርፍ ይነሳል። ቤንዚኑ አዲስ ነው።

ካንዴላ፦

ጋሼ፣ ሲጠፋብዎት የታንከሩን ክዳን ትንሽ ከፈት ያድርጉት። “ፍስስ” ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ክዳኑን ይቀይሩት፣ ጥቂት ዶላር ነው። ካልሳበ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ኮይል ነው፣ ይዘውት ይምጡ።