ዮሐንስ አፈወርቅን ለምን ኅዳር 17 ቀን እናስበዋለን?

ጠያቂዋ (ከየካ አባዶ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በሰፈራችን ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለው ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። አዳራሻችን የቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል መደማመጥ አይቻልም። ባለፈው እሑድ ዝናቡ ጋብ እስኪል ስንጠብቅ አንዲት ትንሽ ልጅ ጆሮዬ ድረስ ተጠግታ «ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የተባለው አፉ ወርቅ ስለነበረ ነው?» አለችኝ። ስለ አንደበቱ ጣዕም ብነግራትም መልሴ ለራሴም ጎደለብኝ፤ ንግግር የሚያምርለት ሁሉ ከ1600 ዓመት በኋላ አይታሰብምና። ደግሞም ያረፈው በመስከረም ከሆነ እኛ በኅዳር የምናስበው ስለምንድን ነው?

የቅኔ ተማሪ፦
እኅታችን፣ ስለ ቀኑ እኔ ልመልስ። አባታችን ያረፈው እ.ኤ.አ. በ407 ሴፕቴምበር 14 ቀን ሲሆን፣ ይህ በዘመኑ አቆጣጠር ከእኛ መስከረም 17 ጋር ይገጥማል፤ ያም የመስቀል በዓል ነው። በዓሉ እንዳይጋርደው መታሰቢያው ሁለት ወር ተገፍቶ ኅዳር 17 ላይ እንደዋለ ይነገራል። ግንቦት 12 ደግሞ ዐፅሙ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ወዳገለገለባት ወደ ቁስጥንጥንያ ከተማ የተመለሰበት መታሰቢያ ነው።

ከሰበታ፦
ስለ ስሙ የጠየቁት ይበልጥ ልቤን ነካው። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ ገደማ ባሏ ሞቶባት፣ ሌላ ሳታገባ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ለመበለቶች የነበረውን ርኅራኄ ሳስብ እርሷ ትታየኛለች።

እ.ኤ.አ. በ387፣ ቅስና በተቀበለ በዓመቱ፣ ያገለግልባት የነበረችው የአንጾኪያ ከተማ ሕዝብ በግብር ተማርሮ የንጉሥ ቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ሰባበረ። ከተማይቱ የንጉሡን ቅጣት በፍርሃት ስትጠብቅ፣ ሽማግሌው ጳጳስ ፍላብያኖስ ምሕረት ሊለምኑ ወደ ቁስጥንጥንያ ሲሄዱ፣ ዮሐንስ በዐቢይ ጾም በተከታታይ እየሰበከ የተሸበረውን ሕዝብ አጽናና፤ ንጉሡም በመጨረሻ ማረ። ለሕፃናቱ መጀመሪያ ይህን ይንገሯቸው፤ ሐውልት ሲወድቅና ሰው ሲደበቅ በዓይነ ኅሊናቸው ያዩታል።

በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰበካቸው ስብከቶች ደግሞ፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር አልብሰን፣ በደጅ በብርድ የሚሰቃየውን ራቁቱን ክርስቶስን እንዳንንቅ ያስጠነቅቃል። እኛ በከተማው ዳር አዳዲስ ቤተ ክርስቲያን የምናሠራ ሰዎች ይህን ቃል ደጋግመን መስማት ያለብን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላ የባለጠጎችን ቅንጦት ያለ ፍርሃት በመገሠጹ ንግሥት አውዶክስያ ጠላችው፤ ሁለት ጊዜም ተሰደደ። በሁለተኛው ስደት ታሞ በግድ እያስኬዱት ኮማና በተባለች ቦታ ሲያርፍ፣ የመጨረሻ ቃሉ «ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል እንደነበር ይተረካል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ እንደሚጠራም ለልጆቹ አስታውሳቸዋለሁ። ያችን ልጅ ግን በሚቀጥለው እሑድ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ከሐውልቶቹ ታሪክ እጀምርላታለሁ።