ጥቆማ፦ የጓሮ ንጣፍ ለመቀየር ባለሙያ ወይስ ኮምፓክተር (መጠቅጠቂያ ማሽን) ተከራይቶ በራስ?

ጓሮዬ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጓሮዬ ንጣፍ ግማሹ ሰምጧል፣ ግማሹ ሲረገጥ ይንቀሳቀሳል፤ አንስቼ ልቀይረው ነው። አንዱ ባለሙያ «አሸዋ በትነን እናነጥፋለን» አለኝ። ሌላው ተቆፍሮ ጠጠር ካልገባ አልነካውም ብሎ እጥፍ ዋጋ ጠራ። ኮምፓክተር ተከራይቶ በራስ መሥራትስ ያዋጣል?

የአበባ እናት፦ ግራጫውን ግራናይት ውሰጂ፣ ነጩ እድፍ አይችልም።

ጓሮዬ፦ አመሰግናለሁ እህቴ፣ የጠየቅኩት ግን ስለ ሥሩ ነው።

የተቃጠለው፦ ያንን ባለ አሸዋ ደጅሽን አታስረግጪው! የኔዎቹ ሞርታሩን (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮውን) ሙሉ ከማንጠፍ ይልቅ አምስት ቦታ ጠብ ጠብ አድርገው ንጣፉን አስቀምጠውበት ሄዱ። ለዓይን ያምር ነበር። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ግን መሃሉ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከሥር ተኛ፣ የጠረጴዛው እግር ያረፈበት ማዕዘን ተሰነጠቀ። ስደውልላቸው ስልክ አያነሱም።

ታማኝ ደንበኛ፦ ሁሉም እንደዚያ አይደለም። የኔ ሰውዬ በአሸዋ ብቻ ነው የሠራልኝ፣ ንቅንቅ አላለም።

ውሃ ልክ፦ መቼ ሠራልህ?

ታማኝ ደንበኛ፦ ባለፈው ወር። ግን እጁ የተባረከ ነው፣ ከሱ ሌላ አላሠራም።

የተቃጠለው፦ እንግዲያው ዝናቡም እጁን አይቶ ይለፈው!

ውሃ ልክ፦ ተረጋጉ። ጓሮዬ፣ እጥፍ የጠራሽ ሰው ትክክለኛውን ሥራ ነው የነገረሽ። ለእግር መርገጫ ከደቃቁ ጋር የተቀላቀለ የተፈጨ ድንጋይ፣ ተጠቅጥቆ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ንጣፉ 4፣ ሞርታሩ 4 ከሆነ ቁፋሮው 18 ይሆናል ማለት ነው። ጠጠሩን በአንዴ አትድፊው፤ በሁለት ዙር ይግባ፣ እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ይጠቅጠቅ። አንዴ ተደፍቶ ከላይ ብቻ ከተመታ ታችኛው ልል ሆኖ ይቀርና ኋላ ይሰምጣል። የላላ አፈርና ሥራ ሥር ካለ አውጥተሽ ሙዪው። አፈርሽ ጥቁር ሸክላ ከሆነ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከጠጠሩ በታች ጂኦቴክስታይል (አፈሩና ጠጠሩ እንዳይቀላቀሉ የሚለይ ጨርቅ) አንጥፊበት። ተዳፋቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ይሁን፣ በ3 ሜትር 5 ሴንቲ፣ ያውም ከአፈሩ ጀምሮ። በሞርታር ውፍረት ላካክሰው የሚልሽን ሰው አትቀበዪ።

ጓሮሽ ጠባብ ከሆነ ኮምፓክተር ተከራይተሽ ራስሽ ትችይዋለሽ። የተቀበረ የውሃ ቧንቧ የት እንዳለ ግን አስቀድመሽ እወቂ።

የአበባ እናት፦ በመጋጠሚያው አረም እንዳይበቅል ምን ይደረግ?

ታማኝ ደንበኛ፦ የኔ ሰውዬ ለዚህም መላ አለው፣ ቁጥሩን በውስጥ ልላክልሽ።

የተቃጠለው፦ ውሃ ልክ፣ የኔን ማዳን ይቻላል?

ውሃ ልክ፦ ያልተሰነጠቁትን አንሳቸው፣ ከጀርባቸው የያዘውን ሞርታር ፍቀህ አጽዳ። ጠጠሩ በደንብ የተጠቀጠቀ ከሆነ ሙሉ ሞርታር ላይ መልሰህ ታነጥፋቸዋለህ። ተረከዝህ የሚሰምጥበት ከሆነ ግን ከቁፋሮው ነው የምትጀምረው።