ሲፒዩው ስራ ፈትቶ ሰርቨሩ ለምን ድርቅ ይላል?

የማርቆሱ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ደብረ ማርቆስ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ የሂሳብ ኡቡንቱ ሰርቨር አለኝ፣ ደረሰኝ ሴቭ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ወዲያው ነው ግን አንዳንዴ 2 ሰከንድ ቀጥ ይላል፣ ቶፕ (የማሽኑን ጭነት የሚያሳየው ትዕዛዝ) ላይ ሳየው ሲፒዩው ምንም አልያዘም፣ ራምም አለ። ጤፍ ገዢው ቆሞ እኔን ያፈጥብኛል 😅 ከየት ልጀምር?

ጣና ዳር፦
ቶፕ አማካይ ነው የሚነግርህ፣ አንዷን የዘገየች ደረሰኝ አያሳይህም። ሲፒዩው ስራ ከፈታ ፕሮሰሱ የሆነ ነገር እየጠበቀ ተኝቷል ማለት ነው። የቢሲሲ ቱሎችን (ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ውስጥ የሚሆነውን የሚለኩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው) ጫንና ባዮሌተንሲን፣ የዲስክ ጥያቄዎች ስንት ጊዜ እንደፈጁ የሚቆጥረውን፣ በሚሊሰከንድ ልቀቀው፣ ዲስኩ ንጹህ ከሆነ ረንኪውላት የሲፒዩ ወረፋውን ያሳይሃል። ኡቡንቱ ላይ ትዕዛዞቹ መጨረሻቸው ላይ ቢፒኤፍሲሲ የሚል ቅጥያ አላቸው፣ እኔ እሱን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ።

ጭስ ዓባይ፦
ከርነሉ አሮጌ ከሆነ ኤፍትሬስ የሚባል መከታተያ አለልህ፣ ከ2008 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ነው። ብቻ ወንድምዓለም የሱን ፈንክሽን ግራፍ (የከርነሉን የፈንክሽን ጥሪዎች የሚመዘግበውን) ያለ ፊልተር እንዳትከፍተው፣ ማሽኑን ራሱ ያንቀራፍፈዋል፣ ከዛ የምትለካው የራስህን ጣጣ ነው።

የማርቆሱ ልጅ፦
ኧረ ተገኘ! ባዮሌተንሲ ላይ አብዛኛው ከ16 ሚሊሰከንድ በታች ነው፣ ታች ግን ከ1024 እስከ 2047 ሚሊሰከንድ የሚለው መስመር ላይ 7 ጥያቄ ቁጭ ብሏል። ባዮስኑፕን (የትኛው ፕሮሰስ ዲስኩን እንደነካ የሚዘረዝረውን) ስከፍት ታር፣ ፋይል የሚጠቀልለው ፕሮግራም፣ ዲስኩን እየጋጠው ነው፣ ለካ እኔው ራሴ በታር የሚሰራውን ባክአፕ ክሮን (ስራን በሰዓቱ የሚያስነሳው) ላይ በየግማሽ ሰዓቱ አድርጌዋለሁ። ወደ ሌሊት 8 ሰዓት ወሰድኩት።

ጣና ዳር፦
ሃሃ፣ ሌሊት መብራት ካልሄደብህ 😂