«ዲኮሎናይዜሽን»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የተለያዩ ሕዝቦች አክቲቪስቶች ስለ ዲኮሎናይዜሽን የተናገሩትን እየተረጎምኩ ነው። የኬንያዊው ላይ «ከቅኝ ግዛት ነፃ መውጣት» ብዬ አለፍኩ። የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማኦሪዎች የአንዷ ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። ማን ነው የወጣው? ሰፋሪው አልሄደም፤ የልጅ ልጆቹ ጎረቤቶቿ ናቸው። እሷም ውጡልኝ አላለችም። ሦስት ቀን ሙሉ ይቺን አንድ ቃል ስጽፍና ስሰርዝ ከረምኩ። እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

የታሪክ መምህር፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ምን እንደተወሰደባቸው እዪ። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ለሚያውቅ አንባቢ የማኦሪዎቹን ነገር ማስረዳት አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1840 ዋይታንጊ ላይ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በሁለት ቋንቋ ነበር። እንግሊዝኛው ሉዓላዊነታቸውን አስረከቡ ይላል። በማኦሪኛው ግን የሰጡት የማስተዳደር ሥልጣን ነው፤ በመሬታቸውና በመንደራቸው ላይ አዛዦቹ ራሳቸው ናቸው። አብዛኞቹ አለቆች የፈረሙት ደግሞ የማኦሪኛውን ነው። ዛሬ «ውሉ ይከበር» ሲሉ የፈረሙትን ነው የሚጠይቁት።

ቋንቋውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 «የቋንቋ ጎጆ» ያሉትን የሕፃናት መዋያ ጀመሩ። ብዙ እናትና አባት ማኦሪኛ አይችሉም ነበር። ስለዚህ አያቶች ገብተው ሕፃናቱን በማኦሪኛ ብቻ ያጫውቱ ጀመር። መካከለኛውን ትውልድ ተሻግሮ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የደረሰ ቋንቋ ነው። እኔን ከየትኛውም ባንዲራ በላይ የሚነካኝ ይሄ ነው።

ናይሮቢ የኖርኩት፦
የኬንያውንም ቶሎ አትለፊው። እንግሊዞች «ማው ማው» ያሏቸው ታጋዮች ራሳቸውን የመሬትና የነፃነት ጦር ይሉ ነበር። መሬት ይቀድማል! እ.ኤ.አ. በ1963 ነፃነት መጣ። ከሰፋሪዎቹ እርሻ ብዙው ግን የተመለሰው በግዢ ነው፤ ያውም ከእንግሊዝ ጭምር በመጣ ብድር። ገበሬው የተነጠቀውን የአባቱን መሬት በዕዳ ገዛ ማለት ነው። «ነፃ ወጣ» ብለሽ አራት ነጥብ ስታደርጊ ይሄ ሁሉ ይቀራል።

ከኦስሎ፦
እዚህ ኖርዌይ ስላሉት ነባር ሕዝብ፣ ስለ ሳሚዎች ላንሳ። በ2021 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፎሰን ለተተከሉት 151 የነፋስ ተርባይኖች የተሰጠው ፈቃድ የአጋዘን አርቢዎቹን ሳሚዎች መብት ጥሷል ብሎ ፈረደ። ተርባይኖቹ መዞራቸውን ቀጠሉ። ፍርዱ 500 ቀን ሲሞላው፣ በ2023፣ ወጣቶች ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የባህል ልብሳቸውን ገልብጠው የለበሱም ነበሩ፤ ስፌቱ ወደ ውጪ። ተቃውሟቸው ነው። ለእነሱ ቃሉ የተፈረደልን ይፈጸም፣ መንጋችን ይሰማራ ማለት ነው።

ተርጓሚዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ቃል ለሁሉም የመፈለጉን ነገር ተውኩት። ለማኦሪዋ «የተነጠቀን ማስመለስ» አልኩ። የኬንያዊውን ሰርዤ እንደ አዲስ ልጀምር ነው፤ መሬቱን አስቀድሜ።

አሁን የያዘኝ ካናኩ ነው፤ ካናኮች በፈረንሳይ ሥር ያለችው የፓሲፊክ ደሴት የኒው ካሌዶኒያ ነባር ሕዝብ ናቸው። በ2021 ፈረንሳይ የነፃነት ምርጫ ስታካሂድ በኮቪድ የሞቱባቸውን እያለቀሱ ነበር። ሐዘናችንን እንጨርስ፣ ይራዘም ቢሉ ስላልተሰሙ አብዛኞቹ ሳይመርጡ ቀሩ። ነፃነት አንፈልግም የሚለው ድምፅ አሸነፈ ተባለ። እሱ ደጋግሞ የሚያነሳው ማን ይምረጥ የሚለውን ነው፤ ካናኮች በገዛ አገራቸው ቁጥራቸው ከግማሽ በታች ነውና። እኛ ይሄን ዓይነቱን ምርጫ «ሕዝበ ውሳኔ» እንላለን። እሱ ደግሞ የሚጠይቀው የትኛው ሕዝብ ብሎ ነው። እዚህ ላይ ምን ልጻፍ?