የግል ዊኪዬን ሰው እንዲያነበው እንጂ እንዳይነካው አድርጌ ኦንላይን ማውጣት ይቻላል?

የደሴው ቲቸር፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤቶች። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በአማርኛ የማዘጋጀውን ማብራሪያ ሁሉ ቲድሊዊኪ ላይ ነው የማስቀምጠው፣ ለማታውቁት ማስታወሻ መያዣ ፕሮግራም ነው፣ ሙሉው ዊኪ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ነው፣ ፍላሽ ላይ ይዤው እዞራለሁ ኢንተርኔትም አይፈልግ። አሁን ተማሪዎቹ ቲቸር ሊንኩን ይላኩልን እያሉ አላስቀምጥ አሉኝና ላወጣው ነው። ግን እንዲያነቡት ብቻ፣ ልጆቹን ታውቋቸው የለ፣ ኤዲት ካገኙ የኒውተንን ሕግ በአንድ ሌሊት ነው የሚሽሩት። ደግሞ እዛው ውስጥ የተማሪ ማርክ፣ የፈተና ጥያቄ፣ የራሴም ጣጣ ምናምን አለ፣ እሱን በታግ፣ ማለት ኖቱ ላይ በሚለጠፍ መለያ ቃል፣ ልደብቀው? ሰርቨር ልከራይ እንዳልል ዶላሩን ከየት አባቴ አመጣዋለሁ።

ቁልፍ ሰሪው፦
መምህር ኤዲቱ አያስጨንቅዎት። ፋይሉን ኢንዴክስ ብለው ሰይመው ጊትሃብ ፔጅስ ላይ ይጫኑት፣ የጫኑበትን ፋይል ዌብሳይት አድርጎ የሚያወጣ ነው፣ በነፃ ነው። ተማሪው ደስ ካለው ኤዲት ተጭኖ የፈለገውን ይሞነጫጭር፣ የሚቀየረው የራሱ ብሮውዘር ላይ ያለው ብቻ ነው፣ ሴቭ ቢል የራሱን ኮፒ ዳውንሎድ ያደርግለታል እንጂ የእርስዎ ንቅንቅ አይልም፣ ሪፍሬሽ ሲያደርገው ኒውተን ተመልሶ ቁጭ። የኤዲት ቁልፎቹን ማየት ካስጠላዎት ኮንትሮል ፓናል ገብተው አፒራንስ ውስጥ ቱልባርስ የሚለው ጋ ቲኩን ማንሳት ነው።

ሰናይት፦
ኤዲቱስ እሺ፣ መደበቁ ላይ ግን እኔን ያየህ ተቀጣ ብያለሁ። እኔም የግል የሚል ታግ ለጥፌ ከዝርዝሩ እንዳይታይ አድርጌ ተደብቋል ብዬ ሊንኩን ለዘመድ አዝማዱ በተንኩት። የአክስቴ ልጅ ከፍቶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ሰርች ላይ የራሱን ስም ጻፈ። 'ያበደርኩት 4,000 ብር፣ ይመልሳል ብዬም አላስብ' የሚለው ወጣለት። አንድ ፋይል ነው ካልን እኮ የተደበቀውም እዛው ውስጥ ነው ያለው!

ስለዚህ መምህር ሁለት ፋይል ይኑርዎት። ለሚወጣው ብቻ ታግ ያድርጉ፣ አድቫንስድ ሰርች ውስጥ ፊልተር የሚለው ላይ በዛ ታግ ለይተው ኤክስፖርት አድርገው ባዶ ቲድሊዊኪ ላይ ጎትተው ይጣሉት፣ የሚጫነው እሱ ነው። ማርኩ ያለበት ጊትሃብን በአይኑም እንዳያየው፣ በነፃው አካውንት ፔጅስ የሚሠራው ሪፖው (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ቦታ) ለሁሉም ክፍት ሲሆን ነው፣ ነገ ቢያጠፉትም ሂስትሪው ውስጥ አሮጌው ተቀምጦ ይጠብቃል።

ጨለማ ክፍል፦
እኔም አስተማሪ ነኝ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ባዶው ፋይል ራሱ ከ2 ሜጋ በላይ ነው፣ ላዩ ላይ ፎቶ ከከተትክበት ፎቶው ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር በሲሶ ያብጣል፣ ልጆቹ ደግሞ ዳታ በብር ነው የሚገዙት። ፎቶዎቹን ሌላ ፎልደር ውስጥ አድርገህ በሊንክ ጥራቸው።

ሁለተኛው የኛው የፊደል ጣጣ ነው። አንተ ኃይል ብለህ ትጽፋለህ፣ ተማሪው ሀይል ብሎ ይፈልጋል፣ ምንም አልተገኘም ይለዋል፣ ከዛ ቲቸር አልጫኑትም ብሎ ያማሃል። እኔ ከእያንዳንዱ ኖት ግርጌ ኃይል ሀይል ሃይል ሐይል ብዬ ደርድሬ ነው የተገላገልኩት፣ አያምርም ግን ይሠራል። ርዕሱንም በላቲን ፊደል አሳጥረው፣ ሊንክ ላይ አንዱ የግዕዝ ፊደል ዘጠኝ ካራክተር ስለሚሆን 'የስበት ኃይል' ብቻውን 66 ደረሰ፣ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፈው ቫይረስ ነው የሚመስለው።

የደሴው ቲቸር፦
ኧረ ተባረኩ! ሁለቱን ፋይል ለየሁ፣ ሳልጭነው በፊት አዲሱ ላይ 'ማርክ' ብዬ ሰርች ባደርግ አንድ ወጣ፣ ክው አልኩ፣ ለካ 'ይህ ጥያቄ 5 ማርክ ይይዛል' የሚለው ነው። ፎቶዎቹን ገና እያወጣሁ ነኝ፣ 31 ሜጋ የነበረው ወደ 4 ወርዷል። ሰናይት፣ ልጁ ብሩን መለሰልሽ ግን?

ሰናይት፦
በዛው ማታ በቴሌብር ላከው። ስልክ ግን እስካሁን አያነሳልኝም።