ፖሊስ በማስጠንቀቂያ ይልቀቅ ወይስ ክስ ይመሥርት፣ የሚወስነው በምን መለኪያ ነው?

ጥያቄ፦ ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ጥፋት ፈጽመው አንዱ በማስጠንቀቂያ ይለቀቃል፣ በሌላው ላይ መዝገብ ይከፈታል። ይህ የመኮንኑ ፈቃድ ብቻ ነው?

መልስ 1፦ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው የወንጀሉ ፍሬ ነገሮች፣ ማለትም ድርጊቱ ያ ወንጀል እንዲባል ሕጉ የሚጠይቃቸው ነጥቦች፣ መሟላታቸው ነው። ቦርሳ ሲወሰድ ኃይል ወይም ዛቻ ካልነበረ ስርቆት እንጂ ውንብድና አይሆንም። መዝገብ በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ «ደበደበው» ተብሎ ይጻፋል፣ በምን፣ የት ላይ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰ ግን የለም። የጉዳቱ ክብደት፣ የቀድሞ ሪከርድ፣ ዕድሜና የተበዳዩ ፍላጎት የሚመዘኑት ማስረጃው ከበቃ በኋላ ነው።

መልስ 2፦ ለመያዝ የሚበቃ ጥርጣሬ ለመክሰስ ላይበቃ ይችላል። በእንግሊዝና ዌልስ ፖሊስ ብዙ ቀላል ጉዳዮችን ራሱ ይከሳል፤ ከባዶቹን የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ነው። መመዘኛው ሁለት ነው፦ ጥፋተኛ የመባል ተጨባጭ ዕድል አለ ወይ? ክሱስ ለሕዝብ ጥቅም ያስፈልጋል? በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ በቤት ውስጥ ጥቃት በቂ ምክንያት ካለ መያዝ ግዴታ ነው።

ጠያቂ፦ ተበዳዩ «ይቅር ብያለሁ» ካለስ?

መልስ 1፦ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስስ ወንጀል አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ያበቃል። በሌላው ይመዘናል እንጂ አይወስንም፤ ይቅርታው በዛቻ የተገኘ መሆኑም መጣራት አለበት።

መልስ 3፦ ያልተከሰሰበት ምክንያት በዕለቱ ይጻፍ። «በምክር ተለቋል» ምክንያት አይደለም፣ ውጤት ነው። ለማስፈራራት ክስ መደራረብም አይጠቅም፤ ደካማው ክስ ሲወድቅ የጠንካራውን ተአማኒነት ይዞ ይወርዳል።