የፍላትፎርድ ሥዕል፦ ለኮሚቴው የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እናርቅቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጋራ አንድ ትልቅ የመልክዓ ምድር ሥዕል እንሥራ ተባብለን ነበር። ቦታው ፍላትፎርድ እንዲሆን ተስማምተናል። እንግሊዝ አገር ሳፎክ ውስጥ፣ ስቱር ወንዝ ዳር፣ ከኢስት በርጎልት መንደር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሠዓሊው ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1776 የተወለደው እዚያው መንደር ነው፤ የፍላትፎርድ ወፍጮም የአባቱ ነበር። እስቲ ሐሳብ አምጡ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የቦታው ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እዚሁ ለንደን ሆነን ከፎቶ ብንሠራውስ?

አስተማሪ፦ አይሆንም እህቴ። ፎቶ ጥላውን ያጠቁረዋል፣ ሰማዩን ያነጣዋል። ውሃውን ደግሞ ጭራሽ ይገድለዋል። ወንዙ ዳር ያለው የዊሊ ሎት (በኮንስታብል ዘመን የነበረ ገበሬ) ቤት ነጭ ግድግዳ ወንዙ ላይ ሲያርፍ ከራሱ ከግድግዳው ትንሽ ይደበዝዛል። የዛፉ ጥቁረት ግን ውሃው ላይ ትንሽ ይፈካል። ይህን ቆሞ ያላየ ሰው ቤቱን ገልብጦ ይስላል እንጂ ውሃ አይስልም። አረንጓዴም ከቱቦ አውጥታችሁ እንዳትቀቡ። ሰማያዊና ቢጫ ደባልቁ፣ ቀይ ጠብ አድርጉበት። «ዘ ሄይ ዌን» (የድርቆሽ ጋሪ) በሚለው የኮንስታብል ሥዕል ላይ የፈረሶቹን ቀይ ዕቃ ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ አረንጓዴ ሕይወት የሚዘራው በእሱ ነው።

አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ መሄዱስ እንሂድ። ትልቅ ሸራ ተሸክሞ ወንዝ ዳር መቆም ግን አያዋጣም፤ ንፋስ ይጥለዋል። ኮንስታብልም ቢሆን ሳፎክ ላይ ትንንሽ ንድፍ እየሠራ፣ ትልልቆቹን ሸራዎች ለንደን ነበር የሚሠራቸው። ለ«ዘ ሄይ ዌን» በቅድሚያ የትልቁን ሸራ ያህል ንድፍ በዘይት ቀለም ሠርቷል። ንድፉ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አለ። በ1821 ያሳየው ሥዕል ደግሞ ናሽናል ጋለሪ ነው። ከጉዞው በፊት ሁለቱንም ብናይ ብዙ እንማራለን።

አስተማሪ፦ ጋሼ ልክ ብለዋል። ይህ ራሱ የሥራ ዘዴያችን ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለቱም መግቢያቸው ነጻ ነው። ፍላትፎርድ ለመሄድ ከለንደኑ ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ እስከ ማኒንግትሪ ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በእግር 3 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ይጨቀያል፣ ቦት ጫማ አትርሱ። ጋሼን በመኪና የሚያደርስ ሰው እፈልጋለሁ።

አዲስ አባል፦ እኔ አደርሳቸዋለሁ። ግን የምንስለው የ1821ን ፍላትፎርድ ነው የዛሬውን? ዛሬ የድርቆሽ ጋሪ የለም፤ ያለው ሽርሽር የመጣ ሰው ነው።

አስተማሪ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የዛሬውን! ኮንስታብልም በዘመኑ ያየውን ነው የሳለው። ጋሪ ከጨመርንበት የእሱን ሥዕል መቅዳት ነው የሚሆነው። ሽርሽረኛው ቀይ ጃኬት ለብሶ ከመጣ ደግሞ ቀያችንን አገኘን ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ የኢስት በርጎልት ቤተ ክርስቲያን ደወሎችስ? የደወሉ ግንብ ሳያልቅ ቀርቶ፣ በ1531 ለጊዜው ተብሎ በተሠራ የእንጨት ቤት ውስጥ መሬት ላይ ናቸው። እስከ ዛሬ እዚያው ይደወላሉ። አገር ቤት ግቢ ውስጥ ለብቻው የሚቆመውን ቤተ ደወል አስታወሰኝ። በጣም እንዲገባ እፈልጋለሁ።

አስተማሪ፦ ከወንዙ አይታይም። ትልቁ ሸራ ላይ ማስገባት ውሸት ይሆንብናል። አንቺ ለብቻው ንድፍ ሥሪው፣ ከትልቁ ጎን እንሰቅለዋለን።

ሌላ አባል፦ ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ ይኸውላችሁ፦ «ማኅበሩ በጁን ወር ፍላትፎርድ ሄዶ የዊሊ ሎትን ቤትና ወንዙን ዛሬ እንዳሉ በትንንሽ ንድፍ ይሠራል። ከንድፎቹ በመነሣት ለንደን ውስጥ አንድ ትልቅ የጋራ ሸራ በዘይት ቀለም ይሠራል። ቦታውን ለሚያስተዳድረው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት፣ ለናሽናል ትረስት፣ በቡድን እንደምንመጣ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፋል።»

አንጋፋ አባል፦ «እያንዳንዱ አባል ቢያንስ አንድ የሰማይ ንድፍ ያምጣ» የሚል ጨምሩበት። ደመናው በየደቂቃው ነው የሚለዋወጠው፤ በአንድ ሰው ዓይን አንይዘውም።

ጸሐፊ፦ ጨምሬዋለሁ ጋሼ። እስከ እሑድ ማታ ተቃውሞ ካልመጣ ለኮሚቴው አስገባዋለሁ።